ሲድኒ ፖይቲየር አነጋገሩን የቀየረው እንዴት ነበር? ስለ አንድ ተማሪዬ የማቀርበው ጥያቄ

አዌቱ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በጅማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የተማሪዎችን የተውኔት ክበብ እመራለሁ። ጥያቄዬ ስለ አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ስለ ሲድኒ ፖይቲየር ነው። ሆኖም ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ሳልናገር ብጠይቅ መልሱ ለምን እንደሚያስፈልገኝ አይገባችሁምና አስቀድሜ ነገሩን ላስረዳ።

በክበባችን ውስጥ ከማና ወረዳ የመጣ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አለ። አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛን የለመደው ወደ ከተማ መጥቶ ከአክስቱ ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ ከትምህርት ቤትና ከሄርማታ ገበያ ነው። አያቱ ከቡና ነጋዴ ጋር በዋጋ ሲከራከሩ የሚያሳየውን አጭር ትርኢት ሲጫወት፣ ዐይኑን ጠበብ አድርጎ፣ ቃሉን ሳብ እያደረገ ሲናገር፣ አዳራሹ መጀመሪያ ይስቃል፤ ኋላ ግን ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ በአሥራ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኔ አላየሁም። ባለፈው ክረምት ለአንድ ፊልም ተዋንያን እንደሚፈለጉ ሰምቶ፣ በለቀማ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። የተሰጠውን ወረቀት ሁለት መስመር እንዳነበበ አስቆሙትና «መልክህ ሸጋ ነው፤ አንደበትህ ግን ገና ነው፤ መጀመሪያ አማርኛ ተማር» ብለው መለሱት።

ልጁ ሆድ ብሶት ሲመለስ ላጽናናው ፈልጌ፣ በአንድ አጭር ቪዲዮ ላይ ያየሁትን የፖይቲየርን ታሪክ ነገርኩት፤ እሱም በአነጋገሩ ምክንያት ከተውኔት ቤት ተባርሮ፣ ራድዮ ገዝቶ የዜና አንባቢዎችን እየተከተለ ቋንቋውን አስተካክሎ ተመልሶ እንደ ሄደ። ተማሪዬ ነገሩን ከልቡ ያዘው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዜና አንባቢዎችን በስልኩ እየቀዳ ሌሊት ሌሊት ይደግማቸዋል። ዛሬ መድረክ ላይ ሲወጣ ቃሉ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ሰው የለም። አያቱን ተጫወት ስለው እንኳ አያትየው ዜና ያነባሉ።

ስለዚህ እውነቱን የምታውቁ እንድትነግሩኝ እለምናለሁ። ፖይቲየር በትክክል ያደረገው ምን ነበር? የተወለደበት አነጋገር ከዚያ በኋላ ሞተ ወይስ ተረፈ? ለልጁስ ታሪኩን ጎዶሎ አድርጌ ነግሬው ይሆን?

ቢሺሼ ሰፈር

ውድ መምህር፣ የነገሩት ታሪክ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመካከሉ አንድ ትልቅ ነገር ወድቆበታል። እኔ የፖይቲየርን ፊልሞች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪነቴ ጀምሮ ስከታተል ስለ ኖርሁ፣ የማውቀውን በቅደም ተከተል ልጻፍልዎ፤ ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጌአቸዋለሁ።

ወላጆቹ ካት አይላንድ በምትባል የባሃማስ ደሴት ቲማቲም እያመረቱ የሚኖሩ ድሆች ገበሬዎች ነበሩ። ምርታቸውን ለመሸጥ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ማያሚ፣ ተሻግረው ሳሉ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1927 ጊዜው ሳይደርስ ተወለደ፤ እጅግ ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ አባቱ አይተርፍም ብሎ ለመቅበሪያ የሚሆን የጫማ ሳጥን የሚያህል ሣጥን አዘጋጅቶ ነበር። የአሜሪካ ዜግነቱም የመጣው በዚህ አጋጣሚ ነው። ያደገው መብራትም መኪናም በሌለበት በዚያች ደሴት ሲሆን፣ መኪናንም ሲኒማንም ያየው በአሥር ዓመቱ ገደማ ቤተሰቡ ወደ ናሳው ከተማ ሲዛወር ነው። ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። በአሥራ አምስት ዓመቱ ማያሚ ወደሚኖረው ወንድሙ ተላከ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ብቻውን ኒው ዮርክ ገባ፤ በዚያም በአውቶቡስ ጣቢያ መጸዳጃ ቤትና በሕንፃ ጣሪያ ላይ እያደረ በየምግብ ቤቱ ሳህን ያጥብ ጀመር።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ሳህን አጣቢ የሚፈልግ ማስታወቂያ ለማየት ጋዜጣ ሲገልጥ፣ በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ውስጥ ያለው አሜሪካን ኒግሮ ቲያትር ተዋንያን እንደሚፈልግ የሚናገር ማስታወቂያ አየ። ሄደ። ከተውኔት ቤቱ መሥራቾች አንዱ የነበረው ፍሬድሪክ ኦኒል ወረቀት ሰጥቶት አንብብ አለው። ፖይቲየር ቃሉን በደሴቲቱ ቅላፄ፣ ያውም ፊደል እየለቀመ፣ አነበበ። ኦኒል ወረቀቱን ነጥቆ ወደ በሩ ሸኘውና ጊዜ ከማባከን ይልቅ ሳህን እንዲያጥብ ነገረው። ፖይቲየር ከዚያ በኋላ ደጋግሞ እንደ ተናገረው የቆረቆረው ስድቡ አልነበረም፤ ሳህን አጣቢ መሆኑን ለሰውዬው አልነገረውም ነበርና፣ «ይህ ሰው ሥራዬን በፊቴ ላይ አነበበው ማለት ነው» ብሎ ደነገጠ። ተዋናይ ለመሆን የቆረጠው የተውኔት ፍቅር ኖሮት ሳይሆን፣ ያ ሰው ያየውን ዕጣ ለማክሸፍ ነበር።

ቪዲዮው የሚዘልለው ቀጥሎ ያለውን ነው። የፖይቲየር ችግር ሁለት ነበር፤ አንዱ ቅላፄው፣ ሁለተኛውና የከበደው ደግሞ አለማንበቡ። ለመጀመሪያው ራድዮ ገዛ፤ የራድዮ ተናጋሪዎችን ቃል በቃል እየተከተለ ለወራት አጠና። ለሁለተኛው ግን ራድዮ አልረዳውም። በሚሠራበት ምግብ ቤት አንድ አይሁዳዊ ሽማግሌ አሳላፊ ነበር፤ አንድ ምሽት ጋዜጣ ይዞ ተቀምጦ ሲያየው ምን አዲስ ነገር እንዳለ ጠየቀው። ልጁም ማንበብ በደንብ ስለማይችል ሊነግረው እንደማይችል መለሰለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ ቤቱ ከተዘጋና ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ሽማግሌው በየምሽቱ አጠገቡ እየተቀመጠ ጋዜጣ ያስነብበው ጀመር፤ ለሳምንታት። የማያውቀውን ቃል ብቻ ሳይሆን፣ በቃላቱ መካከል የተቀመጡት ነጥቦችና ሰረዞች ምን ማለት እንደ ሆኑ፣ የት ቆም እንደሚባልና የት እንደሚታለፍ አሳየው። እኔ እንደሚመስለኝ ተዋናይነትን የተማረው ከራድዮው ይልቅ ከዚያ ጠረጴዛ ነው፤ የት ቆም እንደሚባል ያላወቀ ሰው ሌላውን ሰው መጫወት አይችልምና።

ተመልሶ ሲሄድ እንኳ ወዲያው አልተቀበሉትም። የተውኔት ቤቱን የጽዳት ሥራ ያለ ደሞዝ ልሥራና ትምህርቱን ልከታተል ብሎ ተስማማ። የዋና ተዋናይ ተተኪ ሆኖ ሳለ አንድ ቀን ዋናው ተዋናይ ሃሪ ቤላፎንቴ በሥራ ምክንያት ከልምምድ ቀረ፤ ፖይቲየር በቦታው ሲጫወት የተመለከተ አንድ አዘጋጅ በ1946 ብሮድዌይ በሚባለው የኒው ዮርክ የታወቀ የትያትር ሰፈር በሚቀርብ የግሪክ ኮሜዲ ላይ ትንሽ ሚና ሰጠው። በመጀመሪያው ምሽት ፍርሃት ይዞት ቃለ ተውኔቱን አዘበራርቆ ተናገረ፤ ተመልካቹ ግን ሆን ብሎ ያደረገው መስሎት ሳቀለት፤ ጋዜጦችም አመሰገኑት። ተውኔቱ ከአራት ቀን በላይ አልቆየም፤ የእሱ መንገድ ግን ተከፈተ።

ከመርካቶ በላይ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስለ ሽማግሌው አሳላፊ የተጻፈው ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ራድዮውን አናንኳስሰው። ልጁ እንጀራ የሚፈልግ ከሆነ በር ላይ የቆመው ሰው የሚጠይቀውን ቋንቋ መቻል አለበት። ፖይቲየርም በሩን ያለፈው በዚያ ነው፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ለሌሎች በሩን አስፍቷል። ከእሱ በፊት ኦስካር ያገኘች ጥቁር ተዋናይ በ1940 ለረዳት ተዋናይነት የተሸለመችው ሃቲ ማክዳንኤል ናት፤ በመሪ ተዋናይነት የተሸለመ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ግን በ1964 ፖይቲየር ሆነ። ሁለተኛው እስኪገኝ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈጅቷል፤ ማርች 24 ቀን 2002 ዴንዘል ዋሽንግተን ሲሸለም፣ በዚያው ምሽት ፖይቲየር ለዕድሜ ልክ ሥራው የክብር ኦስካር ተቀብሎ ከፍ ካለው መቀመጫ ሆኖ ይመለከተው ነበር። ልጁ ልምምዱን እንዳያቆም ይንገሩልኝ።

የድሮ ተመልካች (አጋሮ)

ልጄ መምህር፣ እግዜር ይስጥህ፤ የረሳሁትን ዘመን አስታወስኸኝ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ የጡረታ ኑሮዬን በአጋሮ እገፋለሁ። የፖይቲየርን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት በእኛ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ነበር። ከላይ የጻፉት ወጣቶች ስለ አንደበቱ የተናገሩት መልካም ነው፤ እኔ ግን ስለዚህ ሰው የማልረሳው የተናገረውን ሳይሆን አልናገርም ያለውን ነው።

ያየሁት ፊልም «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» ይባላል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 የወጣ ነው። ፖይቲየር ከሰሜን የመጣ ቨርጂል ቲብስ የተባለ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ፣ በአሜሪካ አገር ደቡባዊ ክፍል ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የግድያ ወንጀል ሲመረምር እናያለን። የጥጥ እርሻ ባለቤት የሆነ ነጭ ባለጸጋ «እንዴት እኔን ትጠይቀኛለህ» ብሎ በጥፊ ይመታዋል። መርማሪው ዐይኑን ሳያርገበግብ ወዲያውኑ በጥፊ ይመልስለታል። ልጄ፣ እኛ በዚያ አዳራሽ የነበርነው ተማሪዎች የአሜሪካንን የዘር ሕግ በጋዜጣ ብቻ የምናውቅ ነበርን፤ ሆኖም ጥፊው በተመለሰ ጊዜ ሁላችንም ከመቀመጫችን ተነሣን። አጠገቤ የነበረ ጓደኛዬ ክንዴን ጨብጦ እንደ ያዘኝ ፊልሙ አለቀ። ፖይቲየር ኋላ እንደ ተናገረው፣ ያ ጥፊ ፊልሙ በሚታይበት አገር ሁሉ ሳይቆረጥ እንዲቀርብ አስቀድሞ ቃል አስገብቷል። ወደ ደቡብ ሄዶ ለመሥራትም አሻፈረኝ ስላለ ፊልሙ በአመዛኙ የተቀረፀው በኢሊኖይ ግዛት ስፓርታ በምትባል ከተማ ነው፤ ለጥጥ እርሻው ትዕይንት ጥቂት ቀን ወደ ቴኔሲ ሲወርዱ ከትራሱ ሥር ሽጉጥ አድርጎ ያድር ነበር። ይህ ፍርሃት በከንቱ አልመጣም፤ በ1964 ከቤላፎንቴ ጋር ለመብት ታጋዮች 70,000 ዶላር በሻንጣ ይዘው ወደ ሚሲሲፒ ሲገቡ ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ማኅበር ሰዎች በመኪና አሳድደዋቸው ነበርና።

ይህን ጥፊ ለመረዳት ግን ወደ ኋላ አሥራ ሰባት ዓመት መመለስ ያስፈልጋል። በ1950 በወጣው የመጀመሪያ ትልቅ ፊልሙ ሐኪም ሆኖ ይጫወታል፤ በዘረኝነት ያበደ ሰው ሽጉጥ ደግኖ ይደበድበዋል። ወላጆቹ ያንን ፊልም ሊያዩ ናሳው ወዳለው ሲኒማ ቤት ገቡ፤ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ሲኒማ ነበር። እናቱ ልጇ በመጋረጃው ላይ ሲመታ ባየች ጊዜ ፊልም መሆኑን ረስታ ተነሥታ፣ «መልሰህ ምታው» እያለች ጮኸች። ይህን በመጽሐፉ ላይ የጻፈው ራሱ ነው። ያ የ1967 ጥፊ ሲታየኝ ሁልጊዜ የምትታየኝ ያቺ የቲማቲም ገበሬ ናት።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ለተማሪህ ይህን ንገርልኝ። ገና ስሙ ሳይገን፣ በሳምንት 750 ዶላር የሚያስገኝ ሚና ቀረበለት። በታሪኩ ውስጥ ወንጀል ያየ አንድ የጽዳት ሠራተኛ እንዳይመሰክር ለማስፈራራት ልጁን ገድለው ሬሳዋን ደጁ ላይ ይጥሉለታል፤ አባትየው ግን ምንም አያደርግም። ፖይቲየር ይህን ሚና አልጫወትም አለ። የማንበብ ችግር ኖሮበት አይደለም፤ ቃላቱ ከብደውትም አይደለም። አባቱ ሬጂናልድ እንዲህ አያደርግም ነበርና አባቱን የሚያሳንስ ሰው ሆኖ አልታይም አለ። በዚያን ጊዜ ሚስቱ ልትወልድ ተቃርባ ስለ ነበር ለሆስፒታል የሚከፍለውን 75 ዶላር ያገኘው የቤት ዕቃውን አስይዞ ተበድሮ ነው። ሚናውን ያመጣለት ወኪል ማርቲን ባውም በነገሩ ተገርሞ፣ ይህን የሚያህል ጽኑ ሰው ወኪሉ ልሁን ብሎ ያዘው፤ ለብዙ ዘመንም አብሮት ሠራ።

ወንድሜ ከመርካቶ በላይ «እንጀራ የሚፈልግ» ብለዋል፤ እውነት ነው። ፖይቲየርም እንጀራ ፈልጎ ነበር። የ75 ዶላር ዕዳ እያለበት 750 ዶላር የመለሰው ግን እንጀራውን ጠልቶ አልነበረም።

የመድረክ ልጅ

ጋሼ የድሮ ተመልካች፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ አመሰግናለሁ። መምህር አዌቱ ዳር፣ እኔ የተማርሁት የትያትር ጥበብ ነው፤ አሁን በጅማና በአካባቢው ከወጣቶች ጋር እሠራለሁ። ጥያቄዎን ስመለከት ሁለት የተለያዩ ነገሮች የተቀላቀሉ ይመስለኛልና በተቻለኝ መጠን ልለያቸው።

መጀመሪያ፣ የፖይቲየር አነጋገር ሞተ ወይ ላሉት፣ አልሞተም እላለሁ። ፊልሞቹን በጥሞና የሚያዳምጥ ሰው የእሱ እንግሊዝኛ የኒው ዮርክም የደቡብም እንዳልሆነ ያስተውላል፤ ቃሉን መዝኖ የሚያሳርፍበት፣ ዓረፍተ ነገሩን ቀስ ብሎ የሚዘጋበት መንገድ የራሱ ብቻ ነው፤ የደሴቲቱ ዜማ ከሥር ይሰማል። እንዲያውም በ1967 በወጣው «ቱ ሰር፣ ዊዝ ላቭ» ውስጥ ለእርስዎ ጥያቄ የተጻፈ የሚመስል ትዕይንት አለ። እሱ በምሥራቅ ለንደን ድሆች ሰፈር የሚያስተምር፣ ከብሪቲሽ ጊያና የመጣ መሐንዲስ ሆኖ ይጫወታል። ተማሪዎቹ አነጋገሩ የጌታ አነጋገር መሆኑን አንሥተው ሲጠይቁት፣ ልጅ ሳለ ይናገርበት የነበረውን የአገሩን ዘዬ በአንደበቱ ያሰማቸዋል፤ እነሱም ይደነቃሉ። ሁለቱን አነጋገሮች በአንድ ትንፋሽ መካከል ሲለዋውጣቸው ስናይ፣ አንዱ ሌላውን እንዳልገደለው እንረዳለን። ለዚህ ፊልም ክፍያው 30,000 ዶላር ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ከገቢው ድርሻ እንዲሰጠው ስለ ተዋዋለ ብዙ አገኘበት፤ ይህንንም የምጠቅሰው ሙያተኛ ሰው ዋጋውን ማወቅ እንዳለበት ተማሪዎቼን ስለምመክር ነው።

ኦስካር ያገኘበት «ሊሊስ ኦፍ ዘ ፊልድ» ደግሞ በአሥራ አራት ቀን ብቻ የተቀረፀ፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ራልፍ ኔልሰን ቤቱን አስይዞ ነው የጀመረው። ፖይቲየር በአሪዞና በረሃ ለጀርመንኛ ተናጋሪ መነኮሳት ቤተ ጸሎት የሚሠራ ተቅበዝባዥ ሠራተኛ ይሆናል። ምሽት ምሽት ደግሞ እንግሊዝኛ ያስተምራቸዋል። እንግሊዝኛ አትችልም ተብሎ ከበር የተመለሰ ሰው፣ በሃያ ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ሆኖ ተጫውቶ ተሸለመ።

ሁለተኛው ነገር ግን መራራ ነው፤ ሳልናገረው ባልፍ ለልጁ አልጠቅመውም። በ1967 ሦስት ትልልቅ ፊልሞቹ ወጥተው በአሜሪካ ብዙ ተመልካች ከሚስቡት ተዋንያን አንዱ በሆነበት ጊዜ፣ ክሊፎርድ ሜሰን የተባለ ጥቁር ጸሐፊ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ብርቱ ወቀሳ አወጣበት። ወቀሳው ባጭሩ፣ ፖይቲየር የሚጫወታቸው ሰዎች ሁልጊዜ ጨዋ፣ ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ቁጣም ምኞትም የሌላቸው፣ ለነጮች ችግር መፍትሔ ለመሆን ብቻ የተፈጠሩ ናቸው የሚል ነበር። «ጌስ ሁ ኢዝ ካሚንግ ቱ ዲነር» ላይ ነጭ ሴት ሊያገባ የሚመጣው ሐኪም በዓለም የታወቀ፣ እንከን የማይወጣለት ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ካልሆነ ለጋብቻ አይታሰብም ማለት ነውን? ፊልሙ በሚቀረፅበት ጊዜ ጥቁርና ነጭ መጋባት በአሥራ ሰባት የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ክልከላውን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በዚያው ዓመት በጁን ወር ነው። ስለዚህ ሰውዬው የሚሄድበት መንገድ እጅግ ጠባብ እንደ ነበር እገነዘባለሁ፤ ወቀሳው ግን እውነት አለው፤ ፖይቲየርም እንደ ጎዳው አልሸሸገም። ለራሱ ሕዝብ በሙሉ ተወክሎ የሚቆም ሰው ስሕተት የመሥራት ነፃነት አይኖረውም። ለዚህ ይመስለኛል ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ዳይሬክተርነት የዞረው፤ ያዘጋጃቸው ፊልሞች ብዙዎቹ ጥቁር ተዋንያን እንደ ልባቸው የሚስቁባቸውና የሚያታልሉባቸው ኮሜዲዎች ነበሩ። በ1980 ያዘጋጀው «ስተር ክሬዚ» በአሜሪካ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

ተማሪዎ አሁን ያለበት ቦታ እዚያ ይመስለኛል፤ እንከን እንዳይወጣለት ሲጠነቀቅ ሰውነቱ ጠፋ። ስለዚህ ዜና መቅዳቱን ከመከልከል ይልቅ የሚያደርገውን እንዲያውቀው ያድርጉ። አፋን ኦሮሞ አጭርና ረጅም አናባቢን ይለያል፤ አማርኛ አይለይም፤ ስለዚህ አያቱን ሲጫወት ቃሉን የሚስበው ከዚያ የመጣ ነው። በአንጻሩ የአማርኛ ግዕዝና ሳድስ ድምፆች በአፋን ኦሮሞ የሉም፤ ሲያነብ የሚቸገረው በእነዚህ ነው። «ጸ»ም እንዲሁ ነው። ጥብቀቱ ግን በሁለቱም ቋንቋ አለ፤ እንዲያውም በዚህ ከብዙ የከተማ ልጆች ይበልጣል። ይህን ከነገሩት በኋላ አንዱን ንግግር በሁለት መንገድ ይለማመድ፤ አንድ ጊዜ እንደ አያቱ፣ አንድ ጊዜ እንደ ዜና አንባቢው፤ ከዚያም በሦስተኛ ጊዜ ገጸ ባሕርዩ ማን እንደ ሆነ ጠይቆ ራሱ ይምረጥ። መምረጥ ሲጀምር ሰውየው ይመለሳል ብዬ አምናለሁ።

አዌቱ ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን አትሜ ቅዳሜ ዕለት ለልጁ ሰጠሁት፤ አዳራሹ ከኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አነበበው። የ75 ዶላሩን ጋር ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይናገር ቀጠለ። ከጨረሰ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ጋሼ፣ የአሳላፊው ስም ማን ነበር?»

ፖይቲየር ታዋቂ ከሆነ በኋላ ሰውዬውን ሊያመሰግነው ፈልጎት እንዳላገኘው፣ ይህም በሕይወቱ ከሚጸጸትባቸው ነገሮች አንዱ እንደ ሆነ በእርጅናው በቴሌቪዥን ሲናገር አይቼ ነበርና ይህንኑ ነገርኩት። ፖይቲየር በባሃማስ አምባሳደርነት ጃፓን ድረስ ተሹሟል፤ በ2009 ከፕሬዚዳንት ኦባማ እጅ የአሜሪካን ትልቁን የሲቪል ሜዳልያ ተቀብሏል፤ ጃንዋሪ 6 ቀን 2022 በዘጠና አራት ዓመቱ ሲሞት ዓለም ሁሉ ስሙን ጠርቷል፤ አሳላፊው ግን ስሙን እንኳ ሳናውቀው ቀረ። ልጁ ይህን ሲሰማ ረጅም ጊዜ ዝም አለ።

የመድረክ ልጅ እኅቴ ያሉትንም ሞከርነው። የአያቱን ንግግር በሁለቱ መንገዶች ካቀረበ በኋላ በሦስተኛው ላይ ቆም አለ፤ ከዚያም አያትየው ለቡና ነጋዴው ሲናገሩ አማርኛውን እየተጠነቀቁ፣ ወደ ልጅ ልጃቸው ዞር ሲሉ ግን ወደ ራሳቸው አነጋገር እየተመለሱ እንዲናገሩ አደረጋቸው። እንዲህ እንዲያደርግ አላዘዝሁትም። ነጋዴውን የሚጫወተው ልጅ ቃሉ ጠፍቶት ቆሞ ያየው ነበር።

ከእንግዲህ ከክበቡ በኋላ አንድ ሰዓት እየቆየን ጋዜጣ አብረን ልናነብ ተስማምተናል። ነጠላ ሰረዙን፣ ድርብ ሰረዙን፣ አራት ነጥቡን እኔ አሳየዋለሁ። እሱ ደግሞ ለአሥራ ሁለት ዓመት በጅማ ስኖር አጥርቼ መናገር ያልቻልሁትን «ዸ» የሚለውን ድምፅ ሊያስተምረኝ ቃል ገብቷል፤ ትናንት የመጀመሪያውን ትምህርት ጀምረናል፤ ምላሴን ወደ ላንቃዬ እንዴት እንደማጥፍ በእጁ እያሳየ ደጋግሞ አስባለኝ።

ጋሼ የድሮ ተመልካች፣ ወደ ጅማ ብቅ የሚሉበት ቀን ካለ ልጁ ስለዚያ የ1962 ምሽት ከራስዎ አንደበት ሊሰማ ይፈልጋል። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነን።

የድሮ ተመልካች (አጋሮ)

በመጪው ቅዳሜ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ። ነጋዴውን የሚጫወተውም ልጅ ይኑር፤ እኔ ቡና ስነግድ ኖሬአለሁና ስለ ሚዛኑ አንዳንድ የማሳየው ነገር አለ።